የጥሩወርቅ ጎመን

የካቲት 19፣ ማለዳ

ውርጭ። የዶሮዎቹ ውሃ በረዶ ሠርቷል፤ በማንኪያ ሰበርኩት። ፉርሽካውን ለብ ባለ ውሃ አራስኩ። ከማሰሮው አንድ ጭብጥ ጎመን አወጣሁ። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ፣ ጨምቄ፣ ከትፌ ፉርሽካው ላይ በተንኩ። ከጭብጥ አላሳልፍም። ጎመኑ ማባያ ነው፣ ምግባቸው እህሉ ነው። ተሻሙ። ወይዘሮ እንደ ልማዷ ሌሎቹን በደረቷ ገፍታ ፊት ቆመች። ይህችን ዶሮ ወይዘሮ ያላት ጥሩ ናት፤ ሰው ፊት ስትሄድ ቀሚሷን የሰበሰበች ትመስላለች ብላ።

አንተ አዲስ ነህ ደብተሬ፣ አሮጌው አልቆ ነው የገዛሁህ፤ ስለዚህ አታውቃትም። ጥሩ ማለት ጥሩወርቅ፣ ታናሽ እህቴ። በክረምቱ ማብቂያ ሞተች። ወደ አገራችን ጎረቤላ ወስደን ከእናታችን አጠገብ ቀበርናት። ደ/ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ወጥ ትሠራ ነበር። ጥቅል ጎመን በጨው ማኮምጠጥን እነሱ ቤት አየች። እነሱ ለራሳቸው ይበሉታል። እሷ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና ይኼስ ለዶሮዎቼ ነው አለች። እውነትም ወደዱት። ቅዝቃዜው ሲብስ እንኳ እንቁላል አላቋረጡም።

እኔ ከጎረቤላ ጠቅልዬ የመጣሁት ልትሞት ስትል ነው። ስደርስ ማሰሮው ሞልቶ ነበር። እሷ ጠፋች፣ ማሰሮው ቀረ። ልጇ ሕይወትም ቀረች፤ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። አሁን በዚህ ቤት ሦስት ነን፦ እኔ፣ ሕይወት፣ ማሰሮው።

ይኼን ስጽፍ አልሳቅሁም።

የካቲት 19፣ አመሻሽ

የግቢው ባለቤት እትዬ ዘነበች አጥር ላይ ተደግፋ ሳቀችብኝ። ከገበያ የተጣለ የጎመን ቅጠል ለቅሜ ስገባ አየችኝ። ሁዳዴ ስለሆነ ጎመን ሻጩ ብዙ ነው፤ የላይ የላዩን ቅጠል መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ደህና ደህናውን መርጬ ነው ያመጣሁት።

«ዶሮዎችሽም ጾም ያዙ?» አለችኝ። «ጎመን እየበሉ እንቁላል ሲጥሉስ፣ አይገደፍባቸውም?»

ሳቅሁላት። እውነቱን አልነገርኳትም።

ለአንተ ልንገርህ። ጎመኑ ሲጎድል አዲስ እጨምራለሁ እንጂ ውሃውን ደፍቼ አላውቅም። ያ ውሃ የጥሩ ነው። በገዛ እጇ አሽታ ያወጣችው ነው። ልብሷን ለቤ/ክ ድሆች ሰጥተናል፣ አልጋዋ ላይ ሕይወት ትተኛለች፣ ስልኳ ተዘግቷል። ከእጇ የወጣ ነገር እስካሁን በሕይወት ያለ ያ ብቻ ነው። ይፈላል። ክዳኑ ስር ቡልቅ ይላል። ወጥ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ሊናገር ሲል ያለው ድምፅ።

የካቲት 21፣ አመሻሽ

ሽታው። ዛሬ ስለ ሽታው።

ድሮ ልጠይቃት ስመጣ፣ ጥሩ ከሥራ ስትገባ ነጠላዋ ጎመን ጎመን፣ ኮምጣጣ ኮምጣጣ ይል ነበር። እያቀፍኩ ጎረቤላ ድረስ ሸተትሽኝ እላት ነበር። አሁን ክዳኑን ስከፍት ከበር የገባች ይመስለኛል። ዞር እላለሁ። በሩ አለ። በቃ፣ በሩ ብቻ።

ሕይወት ወጥ ቤት አትገባም። ከፋብሪካው ሰርቪስ ትወርዳለች፣ በቀጥታ ወደ ክፍሏ። ራቷን አድርሼላት ተመለስኩ። አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍናለች። ብርድ ነው አለችኝ።

ሌላም። ለቅበላ ቤት ሳጸዳ ማሰሮውን አክብሬዋለሁ። ውሃውን በሌላ እቃ ገልብጬ አቆየሁ፤ ማሰሮውን በግራዋ ፈትጌ አጠብኩ፤ ከዚያ በወይራ አጠንኩት፣ እናታችን የጠላና የወተት እቃ እንደምታደርገው። ጭሱ ሸክላው ውስጥ እስኪገባ ደፍቼ ያዝኩት። ደስ የሚል ሽታ ነበረው። ከዚያ የጥሩን ውሃ መለስኩ፣ አዲስ ጎመን ጨመርኩ።

ጨው ግን ቀነስኩ። በርበሬ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ስለ ዶሮ መኖ አንብቤአለሁ፤ ጨው ለዶሮ መርዝ ነው ይላል። ፊደል የቆጠርኩትም፣ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁትም ከእንዲህ ያለ ወረቀት ነው። የሱቅ መጠቅለያ አልጥልም።

የካቲት 25፣ ማለዳ

ዝም ብሏል።

ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አስጠጋሁ። ምንም። ድሮ ጎመን ከተጨመረ በኋላ ወዲያው ነበር የሚነሳው። ብርዱ ይሆናል ብዬ ወደ ምድጃው አስጠጋሁት። ጋቢዬን አለበስኩት። ማሰሮ ጋቢ ለብሶ! ሕይወት ለሥራ ስትወጣ አየችው። ቆማ አየችው። ሻሿን ወደ አፍንጫዋ ስባ ወጣች።

ከላይ ስስ ነጭ ነገር ሠርቷል፣ እንደ ቀዘቀዘ ወተት። ወረቀቱን አወጣሁ። ነጭ ስስ ልባስ ከላይ ቢታይ አያሳስብም ይላል፣ ተገፎ ይጣል፣ ነገር ግን። እዚያ ላይ ተቀዷል። ባለሱቁ «ነገር ግን» የሚለው ላይ ቀደደው።

ገፈፍኩት። ሰጠኋቸው። በሉ።

የካቲት 27፣ መድኃኔዓለም፣ ረፋድ

ከቤ/ክ መልስ ክዳኑን ከፈትኩ። ነጭ አይደለም አሁን። ጥቁር አረንጓዴ፣ ፀጉር ያለው፣ እንደ አይጥ ጀርባ። ቅጠሉ ከውሃው በላይ ወጥቶ በዚያ በኩል ነው የያዘው።

ሽታው ደግሞ እሷ አይደለችም።

እንዴት ልጻፈው። ኮምጣጣ አይደለም። ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ የሚያቅለሸልሽ። ጎረቤላ መቃብሩ ሲቆፈር የወጣው አፈር እንዲህ ይሸት ነበር። እጄን ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፣ አይለቅም።

መድፋት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ውሃው! ፀጉሩን ከነሥሩ በማንኪያ ጠርጌ አወጣሁ። ከስር ያለው ደህና መሰለኝ። በደንብ አለቀለቅሁት። ትንሽ ብቻ ሰጠኋቸው። ወይዘሮ ቀርባ አሸተተች፣ ራሷን አዘነበለች፣ አየችኝ። ከዚያ በላች። ከእጄ ስለሆነ ነው የበላችው።

የካቲት 29፣ ማለዳ

አልወጡም። በሩን ከፍቼ ጠራኋቸው፣ ቆጡ ላይ ተኮማትረው ቀሩ። ክንፋቸውን ጥለዋል። ኩሳቸው ውሃ፣ አረንጓዴ። ወይዘሮ መሬት ላይ ናት፣ አንገቷን ቀብራለች። ደረቷ ላይ ያለው የምግብ ከረጢት ተነፍቶ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ስነካት ከአፏ ውሃ ወጣ። ያ ሽታ ወጣ።

ጎመን አልሰጠሁም ዛሬ። ንጹህ ውሃና ገብስ ብቻ።

የካቲት 29፣ አመሻሽ

ሕይወት ስትገባ ዶሮዎቹን አየች። ጮኸች፣ ግን በዶሮዎቹ አይደለም። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ቤት ልከራይ ነው አለችኝ፣ ለፋሲካ ማግስት። ለምን አልኩ። ጠዋት ስነሳ እማዬ ወጥ ቤት ያለች ይመስለኛል፣ እሄዳለሁ፣ የለችም፣ በየቀኑ እንደ አዲስ ትሞትብኛለች አለች። «አንቺ ደግሞ ጋቢ ታለብሻታለሽ!»

እኔን ደስ የሚለኝ እሷን ይገድላታል ለካ። ራቷን አልበላችም።

መጋቢት 1፣ ማለዳ

ነጠብጣቧ ዶሮ ሞታለች። ቀዝቅዛ አገኘኋት። ቆጡ ስር እግሯን ዘርግታ።

እትዬ ዘነበች አጥሩ ላይ መጣች። ፈንግል ነው አለች መጀመሪያ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፈንግል አይደለም አለች። የሟች እቃ እያቦካሽ፣ ሟቿን አላሳርፍ ብለሽ ነው፤ ጠበል እርጪበት፤ ወይም ስጪኝ እኔ እገላገልልሻለሁ። እሷ እንኳ ዛሬ አልቀለደችም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ጥሩ ተቆጥታ ይሆን? ይኼን ስጽፍ ወጥ ቤቱ በር ላይ ጥላ አለፈ። ወጣሁ። የተሰጣ አንሶላ ነው፣ ነፋስ።

የእንስሳት ሐኪሟን ልጠራ ነው።

መጋቢት 2፣ ረፋድ

መጣች። ከደቡብ የመጣች ሴት ናት፤ ብርዱን አልቻለችውም፣ በጋዋኗ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ቦት ጫማ አድርጋ። አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። ፈንግል አይደለም አለች። ምን ይበላሉ አለችኝ። ማሰሮውን አሳየኋት። ክዳኑን ከፍታ ወዲያው መለሰችው።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄን እርስዎ ይቀምሱታል?»

«እኔማ አልቀምስም።»

«ታዲያ ወይዘሮ ምን በወጣት!» አለች። የዶሮዋን ስም ነግሬአት ነበር። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከሳቁ ጋር እንባ መጣ፤ ጭሱ ነው አልኳት። ምድጃው ግን አልነደደም።

ከዚያ በቀስታ አስረዳችኝ። የኮመጠጠ ጎመን ለዶሮ ጥሩ ነው፣ ተይው አላልኩሽም አለች (አንቺ ማለት የጀመረችው ካለቀስኩ በኋላ ነው)። ስስ ነጭ ልባስ ይገፈፋል። ፀጉር ያለው ሻጋታ ግን አይገፈፍም፣ ሥሩ ታች ድረስ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይደፋል። ጎመኑ ከውሃው በላይ እንዳይወጣ ድንጋይ ይጫነው። ጨው ማሰሮው ውስጥ አይቀነስም፣ ጨው ነው ከመበስበስ የሚጠብቀው፤ ለዶሮ ስትሰጪ በማለቅለቅ ነው የምትቀንሺው። አመሻሽ ላይ የተረፋቸውን አንሺ። የሸተተሽን አትስጪ።

ለምን እንዳልኮመጠጠ ግን አልገባትም። ድሮ ይኮመጥጥ ነበር ወይ? አዎ። አሁን ምን ለወጥሽ? ጨው አልኳት። ጨው ብቻ አይመስለኝም አለች። መድኃኒት ውሃቸው ላይ ጨመረችላቸው። ስትወጣ፣ ዛሬውኑ ድፊው አለችኝ።

እሺ አልኳት።

መጋቢት 3፣ አመሻሽ

አልደፋሁትም።

አልጋዬ ስር አስገባሁት፣ ጆንያ ጣል አድርጌበት። ሕይወት ማሰሮው የታለ ስትለኝ ደፋሁት አልኳት። ደስ አላት። ራት ወጥ ቤት ገብታ አብራኝ በላች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ቀለደችም። የፋብሪካው አለቃቸው አማርኛ ሲናገር እንዴት እንደሆነ እያስመሰለች። ጥሩም እንዲህ ነበር የምታስመስለው፣ አንድ ቅንድቧን አንስታ። እኔ እየሳቅሁ አልጋው ስር ያለውን አስባለሁ።

ዶሮዎቹ ቀና ብለዋል። ወይዘሮ ውሃ ጠጣች።

ደግሞ ሌላ ነገር። ቀን ብቻዬን ስሆን ማሰሮውን ሳብ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ምናልባት ከዚያ ክፉ ሽታ ስር እሷ ትኖር ይሆናል እያልኩ። ጎንበስ ብዬ እፈልጋታለሁ። አንዳንዴ ያገኘኋት ይመስለኛል። ከዚያ አፍንጫዬን ይዤ ክዳኑን እመልሳለሁ። ሰው የእህቱን ፊት እንዲህ ይፈልጋል? ጎረቤላ የቀበርናት ማን ነበረች ታዲያ?

መጋቢት 5፣ አቦ

በዓል ስለሆነ ሕይወት ቤት ዋለች። ክፍሌን ልትጠርግ ገባች። እኔ ደጅ ነበርኩ። ጩኸት ሰማሁ።

ስገባ ማሰሮው መሬት መሐል፣ ጆንያው ተገፎ። እሷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። እንደ ጥሩ ነጥታለች፣ እንደ መጨረሻዋ ሰሞን ጥሩ። ደፍቼዋለሁ አላልሽኝም? አለች። አላልኩሽም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ውሃው የሷ ስለሆነ ነው አልኳት። እጇ የነካው ስለሆነ ነው። አክብሬ በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ፣ እንደ እናታችን...

«በወይራ?» አለች።

«በወይራ።»

«እቴቴ! እማዬ እኮ አጥናው አታውቅም። የፈላ ውሃ ታፈስበታለች፣ በቃ። የታጠነ እቃ ጎመን አያኮመጥጥም፣ ጭሱ ይይዘዋል ትል ነበር። እትዬ ዘነበች የጠላ እቃ ላውስሽ ስትላት እንኳ ለዚህ ነው እንቢ ያለቻት።»

ተቀመጥኩ። ማሰሮ ሳይታጠን እንዴት ይሆናል ብሎ ያደገ ሰው ነኝ። አልጠየቅሁም፣ የሚጠየቅም አልመሰለኝም።

ሕይወትም አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ለሰለሰ። ውሃው ደግሞ፣ አለች፣ እማዬ የምታቆየው አልነበረም። ሲከፋ ትደፋዋለች። ስንቴ ደፋችው! እየሰደበች ነው የምትደፋው፣ ሂድ ወዲያ ግም እያለች። የመጨረሻውን ማሰሮ ደግሞ እሷ አልሠራችውም። እጇ አብጦ አልነበር? አልጋ ላይ ሆና ጨው ጨምሪ፣ እሺ፣ በቃ፣ አሁን ጠበቅ አድርገሽ እሺው እያለች። ያሸሁት እኔ ነኝ አለች። እጇን ዘረጋችልኝ፣ መዳፏን ወደ ላይ፣ ማስረጃ እንደምታሳይ። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነው።

ደብተሬ፣ እጇን አየሁት። መርፌ የወጋጋው፣ ቀጭን፣ ትኩስ።

እስካሁን የሸተተኝ ማን ነበር?

መጋቢት 5፣ ከሰዓት

ደፋነው። ሁለታችን ተሸክመን ከጓሮው ጥግ። ዶሮዎቹ እንዳይጭሩት ሕይወት በዶማ ጥልቅ አድርጋ ቆፈረች፣ እኔ አፈሰስኩ። ግም ብሎ ወጣ። ሂድ ወዲያ ግም ልል አስቤ አልቻልኩም። ሕይወት ግን አለችው። ጮክ ብላ። እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ማዶ ማንን ነው የምትሰድቢው አለች፣ እኔን ከሆነ ንገሪኝ። ማሰሮውን ሰጠናት። ለጠላ የሚሆን የታጠነ ማሰሮ ነው አልናት፤ በግራዋ አምስት ጊዜ አጥቤ ነው የምነካው አለችና ይዛው ሄደች።

አፈር መለስኩበት። ድንጋይ አኖርኩበት። እናታችን አጠገብ የጥሩ መቃብር ላይ እንዳደረግነው። ያን ጊዜ አላለቀስኩም ነበር። ዛሬ አለቀስኩ።

መጋቢት 9፣ ጠዋት

ቤቱ ምንም አይሸትም።

ይኼ ነው የሚከብደው። ክዳን የለም፣ ቡልቅ የለም። ወጥ ቤት ገብቼ እቆማለሁ፣ ሳሙናና አመድ ብቻ። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ በር ሲንኳኳ ጥሩ ናት አላልኩም። ዘነበች ናት አልኩ። ዘነበች ነበረች። በዚህ ደንግጬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ነው ሰው የሚሞተው፣ ለካ።

ወይዘሮ እንቁላል አልጀመረችም፣ ግን ትገፋለች፣ ሌሎቹን በደረቷ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ሕይወት ዛሬ ፈረቃ የላትም። ክዳን ያለው ንጹህ የፕላስቲክ ባልዲ ገዝታ መጣች፣ ራሷ። ጥቅል ጎመን ከትፋለች። የፈላ ውሃ ባልዲው ላይ አፍስሳ ደፍታዋለች። እቴቴ ወይራሽን ከዚህ አርቂ ብላ ቀለደችብኝ።

ቤት መከራየቱ ቀረ ወይ ልላት ምላሴ ላይ መጣ። አልቀረም። ትናንት ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስለ ቁልፍ ስትነጋገር ሰምቻለሁ። ጎመኑን የምትሠራው ልትቀር አይደለም፤ እኔ እንድለምድ ነው።

ቅሪ ብላት ትቀራለች። አውቃታለሁ። የእናቷን አንድ ነገር ለእኔ ብላ ትሸከማለች፣ ወጥ ቤት አትገባም፣ አፍንጫዋን ትሸፍናለች፣ ብርድ ነው ትላለች። ያን አየሁት፤ ማሰሮው ላይ ያደረግሁትን ልጅ ላይ አልደግምም። ወሰንኩ፣ ደብተሬ፦ ቅሪ አልላትም። ስትሄድ አልጋዋን ተሸክሜ አደርሳታለሁ፣ አንድ ትሪ እንቁላል ይዤ፣ ጾሙ ስለሚፈታ።

ጨው የምትለካው በጭብጧ ነው። የሷ ጭብጥ ከኔ ያንሳል፤ ስለዚህ ልኩን ማየት አለብኝ፣ ከሄደች በኋላ አልጠይቃትም። እጅጌዬን እየሰበሰብኩ ነው የምጽፍልህ። ከወጥ ቤት ትጣራለች፣ ነይ እንጂ እቴቴ፣ እጅሽን አስገቢ፣ ጠበቅ አድርገሽ እሺው እያለች። ድምፅዋ የጥሩን ይመስላል። ሄድኩ።